ድራመር የሞተር ድምፅ ሲሰማ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 23

ዌስሊ፣ ድራመር ዛሬም በሩ ላይ ጠብቆህ ነበር።

ልነግርህ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ሲመሻሽ የድንጋይ ካባው ጭነት መኪና በታችኛው መንገድ ሲያልፍ፣ ድራመር ከድርቆሹ ላይ ተስፈንጥሮ ወረደና በሩ ላይ ደረሰ። ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ይወዛወዝ ነበር። ዴይንቲም ተከተለችው፤ እሱ ያደረገውን ሳታደርግ መቼ ታድራለች። መኪናው አለፈ። እሷ ተመለሰች፣ እሱ ግን እዚያው ቁጭ አለ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና «ይመጣል» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣልኝ።

ይህን ደብተር የታሪክ መምህራችን ናት የሰጠችኝ። «የፈለግከውን ጻፍበት፣ እኔ አላየውም» አለች። የምፈልገው ካንተ ጋር ማውራት ነው። ከቀብርህ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንም አያወራም። አባባ ስለ በጎች ብቻ ይናገራል። እማዬ ደግሞ ሰው ሲመጣ ሻይ ታፈላለች፣ ሲሄድ ስኒ ታጥባለች።

በበጋ ቡችሎቹን፣ አንዱን በጃኬትህ ግራ፣ አንዷን በቀኝ ሸጉጠህ ስታመጣቸው እማዬ የተናገረችውን ታስታውሳለህ? «ሌላ ሁለት አፍ! አሁን ያለው መች ጠገበና!» አንተ ደግሞ «የውሰት ናቸው እማዬ። እናሳድጋቸዋለን፣ በማርች መጨረሻ ሚስተር ደንት ወደ አዳኝ ውሾቻቸው መንጋ ይወስዷቸዋል» አልካት።

ማርች ያኔ ሩቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 26

ቸኩያለሁ። ሁለቱንም አብልቻለሁ። ዴይንቲ የእማዬን ጓንት በላች፣ ግማሹን ተፋች። ከእንግዲህ አውቶቡሱን የምይዘው ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። ተራራውን መዞር አለብኝ፣ ግን ድልድዩ ጋ ሰው ይበዛል።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 28

ሚስተር ደንት መጡ። ስትፈራቸው የነበሩት አለቃህ፣ ያ ትልቅ ባርኔጣቸው፣ ያ አፍንጫቸው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የድራመርን እግር አንድ በአንድ አነሱ፣ ጥርሱን አዩ፣ ደረቱን በመዳፋቸው ለኩ።

«ወንድምህ እንዳለው ነው» አሉ። «የዛሬ ዓመት ከፊት የሚሮጠው ይሄ ነው።»

ደስ አለኝ። ልክ በዚያ ሰዓት ፖስተኛው በሞተር በታችኛው መንገድ መጣ። ድራመር ከእጃቸው ተፈትልኮ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ቁልቁል ወረደ። ጠራሁት፤ ማን ሊሰማኝ። ፖስተኛው ፍሬን ሲይዝ እላይ ድረስ ተሰማ። «ውሻችሁን እሰሩ! ልትገድሉኝ ነው?» ሲል ሰማሁት፤ የማን ቤት መሆኑን ሲያይ ደግሞ ዝም ሲል።

ድራመር ሞተሩን ዞሮ አሸተተ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ከመኪና የሚሸሽ ብዙ አይቻለሁ» አሉ ሚስተር ደንት። «እሱ ይማራል። ወደ መኪና የሚሮጥ ግን ዕድሜ የለውም።»

«የዌስሊ ሞተር መስሎት ነው» አልኩ። «ማታ ሲገባ ከኪሱ ብስኩት ይሰጣቸው ስለነበር...»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ። መንጋው ግን አደን በወጣ ቁጥር አስፋልት ያቋርጣል። እሱ ወደ መንገድ ከወጣ ሌሎቹም ይከተሉታል። በየቀኑ ወደ መንገድ አውርደው። እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ከድልድዩም ወዲያ። ስንትና ስንት ሞተር ይለፈው። የሚጠብቀው ሰው በአንዱም ላይ እንደሌለ ይወቅ።»

«ባይማርስ?»

«ማርች መጨረሻ እመጣለሁ። መንገድ ላይ አይቼው እወስናለሁ።» በሩን ከፍተው ወደ መኪናቸው ገቡ። «የማይሆነውን ምን እንደምናደርገው ወንድምህ ሳይነግርህ አይቀርም።»

ነግረኸኛል። ከግቢው ጀርባ፣ በአንድ ጥይት። ያን ቀን አንተ ራት አልበላህም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 29

ወደ መንገድ ላወርዳቸው ተነስቼ ነበር። ግን በረዶ ስለነበር ወደ ተራራው ወጣን። በጎችን መልመድ ይቀድማል፤ በግ የሚያባርርም ቢሆን አይወሰድም። ድራመር በበጎቹ መሃል እንደ ቄስ ቀስ ብሎ አለፈ። ጥሩ ውሎ ነበር። ነገ ወደ መንገድ እንወርዳለን።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 1

አልወረድንም። ዝናብ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 4

ብስኩት ልገዛ ሱቅ ገባሁ፤ ያንን አንተ የምትይዘውን የዝንጅብሉን። ባለሱቋ ሚስስ ፔል ከአንዲት ሴትዮ ጋር ሲያወሩ መደርደሪያው ከልሎኝ አላዩኝም።

«ትንሹ በዚህ በረዶ ተራራውን ዞሮ ነው አሉ የሚሄደው።»

«ምን ያድርግ? የወንድሙ ሞተር ተንሸራቶ የድልድዩን ግንብ የመታበት ቦታ ከሩቅ ይታያል እኮ። ድንጋዩን መልሰው ሲገነቡት አዲሱ ነጭ ሆኖ ቀረ።»

«እናቲቱስ?»

«ከቤት አትወጣም። አባትየውማ ታውቂው የለም፣ ከግንቡ ጋር ብታወሪ ይሻልሻል።»

ከዚያ አዩኝ። «ኤድዊን! የኔ ጌታ! ምን ልስጥህ?» ድምፃቸው በአንዴ ማር ሆነ። አንድ ፓኬት ጠይቄ ሁለት ሰጡኝ።

ተራራውን የምዞረው ከላይ ስሳፈር መቀመጫ ስለማገኝ ነው። ለሰው ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 8

ድልድዩ ጋ አብሮኝ ይሳፈር የነበረውን ኪዝን መታሁት። አፍንጫው ደማ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አውቶቡሱ ውስጥ ነው። «ከድልድዩ ጋ አሁን ብቻዬን ሆንኩ የምሳፈረው፣ ሹፌሩ ለእኔ ብቻ ሲል መቆም ሰልችቶታል» አለኝ። ከዚያ አዳኞቹ ውሾቻቸውን እንደሚቆጥሩት በጥንድ መቁጠር ጀመረ። «እናንተ ቤት ስንት ናችሁ አሁን? ሁለቱ ውሾች አንድ ጥንድ፣ አንተ ደግሞ ግማሽ ጥንድ። አንድ ተኩል ጥንድ!» ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ርዕሰ መምህሩ ኪዝ ምን እንዳለኝ ጠየቁኝ። ለአንድ ሰው ግማሽ ጥንድ ማለት ምን እንደሆነ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ምንም አላለኝም አልኩ።

የሚያናድደው፣ አቆጣጠሩ ትክክል ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 12

አሁን ቤቱ ተኝቷል። ድራመር አልጋህ ላይ ነው። ዴይንቲ ምድጃው ጋ ቀርታለች፤ እሷ ሙቀት ካገኘች ማንንም አትናፍቅም።

ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ራሱ ወጥቶ መጣ። አላባረርኩትም። መጀመሪያ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጃኬትህን ይፈልጋል፤ አፍንጫውን ኪሱ ውስጥ ይከትና እዚያው ይቆያል፣ ሲተነፍስ ጨርቁ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ አልጋህ ላይ ወጥቶ ሦስቴ ተሽከርክሮ ይተኛል። በእንቅልፉ ይሮጣል። እኔ ከዚህ ማዶ ካለው አልጋ መዳፎቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው እዚያ ሲተነፍስ ስሰማ ይቀለኛል።

ልጅ ሆነን «ቁንጫ፣ ተኝተሃል?» ትለኝ ነበር። «አዎ» እልህ ነበር። አንተም «እሺ፣ ካሁን በኋላ የምለውን አትስማ» ትልና ታሪክ ትጀምራለህ። አሁን ቁንጫ የሚለኝ የለም። አንድ ቀን ድራመርን «ተኝተሃል?» አልኩት። አንድ ዓይኑን ከፈተ።

እስካሁን ወደ መንገድ አላወረድኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 14

አባባ ራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ድርቆሽ ቤት ነው የሚያድሩት» አለ።

«ለምን?»

«አዳኝ ውሻ ፎቅ ላይ አይተኛም።»

«ዌስሊ ቢኖር...»

«ዌስሊ ቢኖር እንኳን ፎቅ፣ ምድጃው ጋም አያስጠጋቸውም ነበር።»

እማዬ ቧንቧውን ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

ራሱ ወሰዳቸው፤ ራሱ ዘጋባቸው። ጃኬትህንም ከክፍላችን አውጥቶ ታች ኮሪደሩ ላይ ሰቀለው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጠላሁት። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሁለቱን በአጭሩ ሰንሰለት አንገት ለአንገት አያይዤ ከግቢያችን መንገድ ጫፍ ድረስ ወረድኩ። አስፋልቱ እግሬ ሥር ነበር። ወደ ግራ ካየህ ድልድዩ ይታያል። ወደ ግራ አላየሁም።

ሩቅ ሞተር ተሰማ። ድራመር ጆሮውን አቆመ፣ መላ አካላቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዴይንቲን እየጎተተ ወደ ድምፁ ሄደ። ሰንሰለቱ እጄን ላጠው። ሞተሩ ወደ ሌላ ታጥፎ ጠፋ። ቤት ተመለስን።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አልነገርኩም። ማታ ማታ እሱ ወደ በሩ ሲሮጥ እኔም የያዝኩትን መንሽ አስቀምጣለሁ። ለአንድ አፍታ ብቻ። ቤታችን ውስጥ አንተን የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነው የቀረው። እሱም እንደማትመጣ ካወቀ...

እጄ ደማ። ነገ እጽፋለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 23

የሆኑ ነገሮች እየሆኑ ነው። ጃኬትህ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። እማዬን «ኮሪደሩ ያፈሳል መሰለኝ» አልኳት። ጃኬቱን ነካ አደረገችው፣ ትንሽ ቆማ አሰበች። «ይሆናል» አለችና ወደ ምድጃው አስጠግታ ሰቀለችው።

ብስኩቱም አልቋል። ፓኬቱ ተከፍቶ አገኘሁት። አይጥ ነው።

ውሾቹ ደግሞ ቀን ሙሉ ይተኛሉ። መዳፋቸው ላይ ነጭ ነጭ ነገር አየሁና በምላሴ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ለበጎቹ የምንሰቅለውን የጨው ድንጋይ ሳይረግጡት አልቀሩም። ለአባባ መንገር ነበረብኝ፣ ግን አንነጋገርም።

ሐሙስ፣ ማርች 1

አባባ ራት ላይ ማንኪያውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። በጎቹ እንኳ ገና መውለድ አልጀመሩም። እማዬ አልቀሰቀሰችውም። ከኋላው አለፈችና እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሳችውም። እንደዚያ ስትነካው ካየሁ ቆይቷል።

እርጅና ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ማርች 5

ድራመር ታሟል።

የካባው መኪና ሲያልፍ አልተነሳም። አንድ ጆሮውን ብቻ አነሳ። አፍንጫውን ነካሁት፣ እንደ ጤነኛ ውሻ ቀዝቃዛ ነው። ምግቡን በልቷል፣ የዴይንቲንም ጨምሮ። ታዲያ ምን ሆነ? ተንበርክኬ በከንፈሬ የሞተርህን ድምፅ አወጣሁለት፤ ያንን ዳገቱን ሲጨርስ የሚያንቀውን፣ ከዚያ የሚያስለውን። መጣና አፌን ላሰኝ።

ወደ በሩ ግን ዘወር አላለም።

ዓርብ፣ ማርች 9

ትናንትም አልሮጠም። ዛሬም። የእንስሳት ሐኪም እንጥራ አልኩ። አባባ «ምንም አልሆነም» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

እኔ ብቻዬን መንሼን አስቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ማርች 19

ቅዳሜ ሚስተር ደንት ይመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ አስፋልት ላይ አላወጣሁትም። «ነገ» ያልኩበት ገጽ ሁሉ እዚህ አለ፣ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ፈሪ ነኝ። አንተ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ትወርድ ነበር።

የላይኛው ግጦሽ ላይ ያለችው የእረኞች ጎጆ በር አላት። ድርቆሽና ውኃ አስገብቼ ብደብቀው፣ ጠፋ ብላቸው... ግን ሌሊቱን ሲያላዝን አገር ይሰማዋል። አዳኝ ውሻ ይደበቃል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ማርች 24

ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ሌሊቱ ቢነጋም።

ሚስተር ደንት ሲደርሱ «ታሟል» አልኳቸው። ድራመር በዚያው ቅጽበት ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ ሊያወርድ ዘለለ።

«በጣም ታሟል» አሉ። «በል እንውረድ።»

አባባ ከቤት ወጣ። ጃኬትህን ለብሶ ነበር። ትከሻው ላይ ይጠበዋል፣ እጅጌው አጥሮበታል። «እኔም እመጣለሁ» አለ። እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር።

ከግቢያችን መንገድ ጫፍ ላይ እግሬ ቆመ። አልሄድ አለኝ። አባባ ምንም ሳይል ሰንሰለቱን ከእጄ ወሰደና ወደ ግራ ታጠፈ። ውሾቹ ሳይጎተቱ፣ በግራ ጎኑ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው አብረውት ሄዱ። ከቆምኩበት ሆኜ አየኋቸው። ነጩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ሳይነገራቸው ቁጭ አሉ።

ሚስተር ደንት «ፍታው» አሉ። አባባ ፈታው።

ሞተሩ ከድልድዩ ማዶ መጣ፤ የሚስተር ደንት የእህት ልጅ ነው፣ እንዲያልፍ ነግረውት ኖሯል። ዓይኔን ልጨፍን ነበር። ዌስሊ፣ ድራመር አልተንቀሳቀሰም። ሞተሩ ካጠገቡ አልፎ እስኪሄድ ድረስ የሚያየው አባባን ነበር። አባባም እጁን ኪስህ ውስጥ ከቶ ብስኩት አወጣ።

አይጧን አየኋት።

ወደ እኔ ሲመለሱ ሚስተር ደንት «እንዲህ አድርጎ ያስለመደው ማነው?» አሉ።

አባባ ጫማውን አየ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ነበር፤ በረዶው እንዲቀልጥ አስፋልቱ ላይ የሚረጩት ጨው ነው። «ልጁ ነው» አለ። «ጠዋት ጠዋት።»

ሚስተር ደንት ጫማውን አዩ፣ ጃኬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ።

ወዲያው ጫኗቸው። መኪናው ውስጥ አንዲት አሮጊት አዳኝ ውሻ ነበረች፤ ድራመርን ከእሷ ጋር አንገት ለአንገት አያያዙት። «ከእንግዲህ የምታስተምረው እሷ ናት» አሉ። ዴይንቲ ጮኸች፣ ድራመር ግን አሮጊቷን እያሸተተ ነበር። «ሂድ» አልኩት።

ዳገቱን ከአባባ ጋር ወጣን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

«በየቀኑ እዚያ ትሄድ ነበር?»

«ውሾቹ መሄድ ነበረባቸው።» ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ በሩን እየከፈተ፣ «የመጀመሪያ ቀን እኔም ከመንገዱ ጫፍ ነው የተመለስኩት። ሁለተኛም ቀን» አለ።

ያኔ ስለ አባባ የጻፍኩትን አልሰርዘውም ብዬ ነበር። ቅድም ሰረዝኩት።

ሰኞ፣ ማርች 26

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ሁለቱን ላበላ ወርጄ ድርቆሽ ቤቱን ከከፈትኩ በኋላ ነው የሌሉት ትዝ ያለኝ። ሳህናቸው ተልሶ ያበራል። የተኙበት ድርቆሽ እንደተጎደጎደ ነው፣ ሁለት ክብ። በጣቴ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ያዝኩ። አባባ ገበታው ላይ ነበር፤ ማርች ከገባ ወዲህ በዚህ ሰዓት ቤት አግኝቼው አላውቅም። እጁን የት እንደሚያደርግ የጠፋው ይመስላል። ጃኬትህን ከኮሪደሩ አወረድኩና ለበስኩት፤ እኔን ደግሞ ይሰፋኛል። አባባ አየኝ። «ያካፋል ዛሬ፣ ጃኬቱን ቆልፈው» አለ።

ከመንገዱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ከአስፋልቱ ዳር ጭቃው ላይ ዱካቸው እንዳለ ነው። የድራመር ትልቁ፣ የዴይንቲ ትንሹ፣ የአባባ ጫማ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ የሚሄደውም የሚመለሰውም። ነጩ ድንጋይ ጋ ሣሩ ተረጋግጦ መሬት ሆኗል፤ አባባ ይቆም የነበረበት ነው። እግሬን እዚያ አደረግኩ። ድንጋዩን በእጄ ነካሁት። ድንጋይ ነው።

ኪስህ ውስጥ አንድ ግማሽ ብስኩት አገኘሁ። ግማሹን ማን እንደበላው አላውቅም፤ አንተ፣ አባባ ወይም ድራመር፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁ።

አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ከማዶ ሞተር ተሰማ። ዳገቱን ሲጨርስ እንዳንተው ሞተር አነቀው፣ ከዚያ አሳለ። ድራመር ቅዳሜ ዕለት ቀና አላለም ነበር።

እኔ ቀና አልኩ። ፖስተኛው ነው። ሲያየኝ ፍጥነቱን ቀነሰና እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት፤ ብስኩቱን እንደያዝኩ።